ስለ «ምናባዊ እውነታ» እና ስለ ተከታዮቹ ቃላት የቀረበ ሒስ

ቨርችዋል ሪያሊቲ የተባለውን የቴክኖሎጂ ዘርፍ «ምናባዊ እውነታ» ብሎ መተርጎም እየተለመደ መጥቷል። ስያሜው ለጋዜጣ ንባብ ይበቃ ይሆናል፤ ተማሪን በሚያሠለጥን ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ግን ያሳስታል። ምናብ በሰው ልቡና የሚፈጠር ነው። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ግን የሚያየውን በልቡ አልፈጠረውም፤ ኮምፒዩተሩ አስልቶ በዓይኖቹ ፊት ያኖረለት ነው።

የባዕዱ ቃል ፍሬ ነገር «በአካል ያልሆነ፣ በሥራ ግን የሆነ» የሚለው ነው። ይህ ፅንሰ ሐሳብ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው አስተዳደር «ምስለኔ» የተባለው ሹም ራሱ ገዢው አልነበረም፤ በገዢው ስፍራ ሆኖ ግን ይሠራ ነበር፤ ቃሉም «እኔን መሳይ» ማለት ነው። በዚሁ ፈለግ «ምስለ እውን» ማለት ይሻላል። («አስመሳይ እውን» የሚል ቢነሣ፣ አስመሳይ የግብዝ ስም መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።)

የባሰው ችግር የሚታየው በአሠራሩ መግለጫ ላይ ነው። ክሮም በ2019 እ.ኤ.አ. በተቀበለው ዌብኤክስአር በተባለው ሥርዓት፣ ገጹ አስቀድሞ ሴሽን እንዲከፈትለት ብራውዘሩን ይጠይቃል፤ ዌብጂኤልን ከመነጽሩ ጋር ያስማማል፤ ከዚያም በየፍሬሙ የራስን አኳኋን እየተቀበለ ለግራና ለቀኝ ዓይን ለየብቻ ይሥላል። እዚህ ላይ «ቪው» የአንዱ ዓይን መመልከቻ፣ ይኸውም አቋሙና የትንበያ ማትሪክሱ ነው። «ቪውፖርት» ግን በምስሉ ማቆያ ላይ ለዚያ ዓይን የተከለለው አራት ማዕዘን ነው። ሁለቱን «እይታ» በሚል አንድ ቃል የጠቀለለ ተርጓሚ «ለእያንዳንዱ እይታ እይታውን ወስን» የሚል ትእዛዝ ይጽፋል፤ ግራ የተጋባውም ተማሪ የአንዱን ዓይን ሥዕል በሌላው ላይ ይደርባል። ስለሆነም የመጀመሪያው «እይታ»፣ ሁለተኛው «የሥዕል ክልል» ይባል።

ሬንደሪንግን «ማሳየት» ማለትንም አንቀበለውም። ማሳየት የመነጽሩ ተግባር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ስሌት «መሣል» ነው፤ ሥዕል፣ አሣሣል፣ ተሣለ የሚለው እርባታም ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ቢላዋ ከመሳል ጋር በጆሮ ይመሳሰላል የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል፤ ሆኖም ሠዓሊንና ሞረድን እስከ ዛሬ ያምታታ አማርኛ ተናጋሪ አልገጠመንም።

«ሴሽን»ን «ክፍለ ጊዜ» ማለት ግን አያስኬድም። ክፍለ ጊዜ በደወል የሚለካ የትምህርት ቤት ቃል ነው፤ ይህ ደግሞ በተጠቃሚው ፈቃድ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የጊዜ ልክ የሌለው ግንኙነት ነው። ተስማሚ ቃል እስኪገኝ ድረስ እንዳለ ይቆይ።