ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር

እኔ የምለው፣ አዲስ ካሜራ የያዘ ሰው በታየ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ ለምንድን ነው ሁልጊዜ «ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?» የሚሆነው? ሁለተኛው ጥያቄ «በስንት ገዛኸው?» ነው። ሦስተኛው የባለካሜራው የራሱ ነው፤ «ይሄ የሚሽከረከረው ነገር ደግሞ ምን ያደርጋል?» ለዚህኛው መልሱ ከአፍ አይጠፋም፤ «እሱን ተወው ባክህ! አውቶ ላይ አድርገህ ንካው፤ ካሜራው ራሱ ያውቃል።»

ካሜራው ራሱ ያውቃል። የዛሬው ጉዳያችን ይቺ አባባል ናት። ካሜራው ምንድን ነው የሚያውቀው? ማንስ ነው ያስተማረው?

እስቲ የቤታችሁን አልበም፣ አለዚያም ስልካችሁን ክፈቱና የበዓል ፎቶ ፈልጉ። የጥምቀት ቢሆን ይመረጣል። እማማ የሀገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ አዲሱን ነጠላ ተከናንበው ቆመዋል። በዓይናችሁ ስታዩዋቸው ነጠላው ወተት፣ ፊታቸው ደግሞ የሚያበራ ጠይም ነበር። ፎቶው ላይ ግን ነጠላው አመድ የነካው ይመስላል፤ ፊታቸው ዓይንና አፍንጫው እስከማይለይ ድረስ ጠቁሯል። ያኔ ቤተሰቡ ይሰበሰብና ፍርድ ይሰጣል። «እማማ እኮ ፎቶ አያምርባቸውም!» እሳቸውም ያምናሉ። በሚቀጥለው ዓመት ካሜራ ሲወጣ «እኔን ተዉኝ፣ ልጆቹን አንሱ» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ለለቅሶ ቤት የሚሆን ፎቶ ሲፈለግ አንድም ደህና ፎቶ የለም። ከመታወቂያቸው ላይ ያቺን ጉርድ ፎቶ አስነስቶ ማሳደግ ይመጣል። ልጆቻቸው በሺህ የሚቆጠር ፎቶ በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ሆነው ሳለ ማለት ነው።

ስሙኝማ፣ ጥፋቱ የእማማ ፊት አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንየው። ካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ በተፈጥሮው ሰው አያውቅም፤ ነጠላም አያውቅም። ከፊቱ ያለው ነገር የሚመልሰውን ብርሃን ይለካና «ዓለም ተደምሮ ሲካፈል መካከለኛ ግራጫ ነው» ብሎ ይገምታል። የፎቶ አስተማሪዎች ይህ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነው ብለው ያስተምራሉ። ግምቱ ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለሣሩም፣ ለአስፋልቱም፣ ለድንጋዩም። ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲቆም ግን መለኪያው ይደነግጣል። «ብርሃን በዛ!» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላውን ወደ ግራጫ ሲጎትተው፣ ነጠላው መሐል ያለው ጠይም ፊት አብሮ ወደ ጨለማ ይወርዳል። ግልባጩም አለ። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች በደብዛዛ አዳራሽ ሲደረደሩ መለኪያው «ጨለመ!» ይልና ብርሃን ይጨምራል። የሚዜዎቹ ፊት ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይወጣል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አብዛኛው ካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ይሏታል። ነጭ ሲበዛ ወደ መደመር፣ ጥቁር ሲበዛ ወደ መቀነስ። በብዙ ስልኮች ላይም ፊቱን በጣት ነክቶ የምትመጣዋን ምልክት ወደ ላይ መግፋት ይበቃል። በዓሉን በነጭ ልብስ ለሚያከብር ሕዝብ ከዚህ የሚቀድም የካሜራ ትምህርት የለም። ይህችን ቁልፍ ሳይነኳት ካሜራ ገዝተው ካሜራ የሚሸጡ ግን ስንት ናቸው!

«ሦስቱ ስሞችስ?» ትሉኝ ይሆናል። አፐርቸር፣ ሻተር ስፒድና አይኤስኦ ጀማሪን ሁሉ የሚያስበረግጉ ቃላት ናቸው። ነገሩ ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለኖረ ሰው አዲስ አይደለም። ጄሪካን የሚሞላው በቧንቧው ስፋትና ቧንቧው ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ሰፊ ቧንቧ በአጭር ጊዜ፣ ጠባብ ቧንቧ በረጅም ጊዜ ያንኑ ጄሪካን ይሞላሉ። አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ሻተር ስፒድ የክፍት ጊዜው ነው። አፐርቸሩን ከ4 ወደ 5.6፣ ከ5.6 ወደ 8 መውሰድ ብርሃኑን በየደረጃው በግማሽ መቀነስ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፤ ጀማሪውን የሚያምታታውም ይሄ ነው። ሻተሩን ከ1/60 ወደ 1/125 ሰከንድ ማፍጠንም እንዲሁ በግማሽ መቀነስ ነው። አይኤስኦ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ነው። ጣቢያው ደካማ ሲሆን ድምፁን ትጨምራላችሁ፤ ዜናው ይሰማል፣ ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። ጨለማ ቤት ውስጥ በከፍተኛ አይኤስኦ የተነሳ ፎቶ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው ያ ጩኸት ነው።

ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰውየው ኋላ ያለው ይደበዝዛል። ሻተሩ ሲዘገይ የሚንቀሳቀሰው ይደበዝዛል፤ እስክስታ የምትወርድ ልጅ ትከሻ በ1/30 ሰከንድ ጭጋግ ይሆናል፣ በ1/500 ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጭጋጉ የሚያምርበት ጊዜም አለ። ልዩነቱ መርጦ ማደብዘዝና ሳያውቁ ማደብዘዝ ላይ ነው። አውቶ ላይ ሲሆን የሚመርጠው እሱ ነው። ልጅቷ እየጨፈረች ይሁን፣ እናቷን እየቀበረች ይሁን እሱ አያውቅም።

የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ወጥታችሁ ከሆነ ደግሞ የአውቶን ዕውቀት በደንብ አይታችኋል። ደመራው እዚያ ማዶ፣ ሰዉ እዚህ ማዶ፣ በመሐል ፍላሽ እንደ ከዋክብት ብልጭ ድርግም ይላል። ካሜራ ላይ ያለችው ትንሿ ፍላሽ አቅሟ ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም። ደመራውን ልታበራ ቀርቶ ከፊት የቆመውን ሰውዬ ማጅራት አብርታ ትመለሳለች። እሳት እኮ የራሱ ብርሃን ነው! ፍላሹን አጥፍቶ፣ ካሜራውን ደገፍ አድርጎ፣ ሻተሩን ማዘግየት ነበር ዘዴው። ግን ካሜራው «ያውቃል» ተብሏል።

እዚህ ላይ ጀማሪውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ማን አስተማረው? የፎቶ ሙያ በሀገራችን ረጅም ዘመን በቤተሰብና በጓዳ የኖረ ነው። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሀይጋዝና ቶኒም በቤተ መንግሥቱ ሙያ ተከተሏቸው። ከዚያ በኋላ በመጡት ፎቶ ቤቶችም ሙያ በልብ ነበር። ረዳቱ ትሪፖድ ሲሸከም፣ መብራት ሲይዝ፣ ፊልም ሲያጥብ ዓመታት ይቆጥራል፤ ጌታው ግን ቁጥሯን ለምን እንደቀየራት አይነግረውም። እንደዚያም ሆኖ የፊልሙ ዘመን አንድ በጎ ነገር ነበረው። አንድ ፊልም 36 ፖዝ ነው፤ እያንዳንዷ ገንዘብ ናት። ስለዚህ ሰውዬው ከመንካቱ በፊት ያስብ ነበር። «ቀና በይ፤ ወደ መስኮቱ ዞር በይ፤ ነጠላውን ከግንባርሽ መለስ አድርጊው» የሚለው ያ ሁሉ ንዝነዛ ትምህርት ነበር።

የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ፣ አንዲቷን 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ያላትን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ዛሬ በአንድ ሰርግ ሁለትና ሦስት ሺህ ፎቶ ይነሳል። ዋጋ የለውማ! ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አልነበረም። ተሳስቶ ወዲያው ማየት፣ አይቶ ወዲያው ማረም ይችላል። እያንዳንዱ ፎቶም በምን አፐርቸር፣ በምን ሻተር፣ በምን አይኤስኦ እንደተነሳ በውስጡ ጽፎ ይይዛል። ጌታው ያልነገረውን ፎቶው ይነግረው ነበር። ግን ማን ከፍቶ ያነበዋል? እኛ የያዝነው የዲጂታልን ነፃነት ነው፤ ትምህርቱን ትተነዋል። ሺህ ጊዜ ነክተን አንድ ጊዜ አናይም።

ለምን እንድናይ? ፎቶሾፕ አለ! ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ደጅ ታሳድራለች። ፎቶሾፕን የተማመነ ፎቶ አንሺም ብርሃኑን እንደ ነገሩ ትቶት ይመጣና ማታ ቤቱ ሆኖ ሙሽሪትን «ያስተካክላታል»። ማስተካከል ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ማቅላት ነው። ጠይሟ ልጅ ቀይ ሆና ትወጣለች። አንገቷ አንድ ቀለም፣ ፊቷ ሌላ ቀለም፣ እጇ ሦስተኛ ቀለም። እውነቱን እንነጋገር ካልን ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ብቻ አይደለም። «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» የሚለው ደንበኛው ነው። ቋንቋችን ለሰው መልክ ስንት ስም አለው! ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር፤ ጠይም ስንልም ስንት ዓይነት ጠይም። ሁሉንም ባለን በአንድ ፊልተር ወደ አንድ ቀለም እንገፋቸዋለን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንን አልበም የሚገልጥ የልጅ ልጅ «አያቶቼ ምን ይመስሉ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ «ፊልተሩን ይመስሉ ነበር» ሊሆን ነው።

ይሄ ነገር ከእኛ ብቻ አልጀመረም። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ የሚሆን ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በአንዷ ስም «ሸርሊ» ይሉት ነበር። ማሽኑ የሚስተካከለው የእሷ ቆዳ እስኪያምር ነው። የእሷ ካማረ ሥራው አለቀ፤ የሌላው ፊት እንደሆነው ይሁን። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንደተረከችው፣ የቡናማ ቀለም ጉዳይ በኩባንያው ዘንድ ትኩረት እንዲያገኝ ከገፉት መካከል ፊልሙ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ቀለም ለይቶ አያሳይልንም ብለው ያማረሩ ነጋዴዎች ይገኙበታል። ልብ በሉልኝ፣ የሰው ፊት ያላስነሳውን ጥያቄ ቁም ሳጥን አስነሳው!

«ያ ድሮ ነው፤ የዛሬ ስልክ ፊት ይለያል፣ ብርሃኑን ራሱ ያስተካክላል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብዙ ተሻሽሏል። ግን ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 «ሪል ቶን» ብሎ ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል የሚያነሳ ስልክ ሠራሁ ሲል፣ እስከዚያ ድረስ በትክክል አይነሳም ነበር ማለቱም ነው። የተሻሻለውም ካሜራው ራሱ ስላወቀ አይደለም፤ ሰዎች ተቀምጠው ስላስተማሩት ነው። አውቶ የሚባለው እኮ ሌላ አገር የተቀመጠ ሰው ስለ ብርሃንና ስለ መልክ የወሰነው ውሳኔ ነው። ውሳኔው መልካም ሊሆን ይችላል። ብቻ የእኛ አይደለም።

መለኪያውን ፊት ላይ ብቻ አድርጎ መልቀቅም አያድንም። ጠይሙንም ቀዩንም ያንኑ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርጋቸው ይሞክራል፤ ጠይሙ ከልኩ በላይ ይፈካል፣ ቀዩ ከልኩ በታች ይጠቁራል። እዚህ ላይ ከማሽን የሚጠበቀው ያልቃል። እናቴ ምን ያህል ጠይም ናት የሚለውን የሚያውቅ ልጅ ነው። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሁለት ዓይኑን አሳይተው፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን ይሥሉት ነበር። ፊት ሲሠሩ ምን ለማለት እንደፈለጉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ብሩሽ «ራሱ ያውቃል» ያለ ሠዓሊ አልነበረም።

ደግነቱ የጓዳው በር እየተከፈተ ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ፎቶን እንደ ትልቅ ሥራ አደባባይ አውጥቶ አሳይቷል። ቁም ነገሩ ወደየቤታችን መግባቱ ነው። ለዚህ ውድ ሌንስ አያስፈልግም። አንድ በር ወይም መስኮት፣ አንድ ፊትና አንድ ወር ይበቃል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ሰው አታቁሙ፤ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቡና ሲፈላ ከበሩ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መልሳችሁ አንሷቸው። አንዴ እንዳለ፣ አንዴ አንድ ደረጃ ጨምራችሁ፣ አንዴ አንድ ደረጃ ቀንሳችሁ። ከዚያ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለራሳቸው አሳዩአቸው።

የቷ እሳቸውን እንደምትመስል ካሜራውን አትጠይቁት። እማማን ጠይቁ። «ይቺኛዋ እኔ ነኝ» ካሉ፣ ያቺን አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። አሁን፣ በሕይወት እያሉ።