የኢየሩሳሌም አዝማሪ በምን ይመዘናል?

ማታ በኢየሩሳሌሙ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ አዝማሪ ፍለጋ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጎዳናው ጠባብ፣ ግራ ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው። መሐሉ ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ ቅዳሴ እንጂ ዘፈን የለም። ዘፈኑ ያለው በቤተ እስራኤል ሰርግ፣ በሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ደግሞም ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ፊት ለፊት ባለው በኮንፌደሬሽን ሃውስ መድረክ ላይ ነው። ይህ ቤት በፈረንጆቹ ዲሴምበር «ሁልገብ» የተባለውን የኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የጥበብ ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ገበያው የደራው ቴል አቪቭ መሆኑ አይካድም፤ የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኢላና ዌብስተር-ኮገንም በ2018 እ.ኤ.አ. «ሲቲዝን አዝማሪ» የሚለውን መጽሐፏን የጻፈችው በዚያች ከተማ ሙዚቃ ላይ ነው። የኢየሩሳሌም ታዳሚ ግን ቁጥሩ ቢያንስም ጆሮው ስል ነው።

ያም ሆኖ ጆሮን ለመሳል ከኢትዮጵያ ጎዳና መጀመር ይበጃል። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከ1984 እ.ኤ.አ. አንስቶ በ2023 እስካረፉ ድረስ የኖሩት እዚያው ባለው የደብረ ገነት ገዳም ነው። እማሆይን ከአዝማሪ ጋር አንድ ላይ ማንሳቴ የሚከፋው አይጠፋም፤ እኔ ግን ትዝታን ያለ ቃል የሚያስተምር ከእሳቸው ፒያኖ የተሻለ አላውቅም። ፒያኖ እንደ መሰንቆ ድምፅን ጎትቶ ከአንዱ ወደ ሌላው አያንሸራትትም። እሳቸው ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት በጎረቤቱ ቁልፍ ቶሎ ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ ምቱንም ትንፋሽ እንጂ ሰዓት አይመራውም። በ2024 የወጣው «ሱቬኒርስ» የተባለው አልበም ደግሞ እማሆይ ራሳቸው በአማርኛ ሲያንጎራጉሩ፣ በቤታቸው በካሴት የቀዱት ነው። እሱን አንድ ሁለት ጊዜ የሰማ ሰው፣ አዝማሪ ከምት ሲዘገይ ስህተት ነው ወይስ ጥበብ የሚለውን ለመለየት አይቸገርም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ አዝማሪው። ዘፈኑ ሳይጀመር ዓይንዎን መሰንቆው ላይ ያድርጉ። መሰንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ነው። ጣት አውታሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ አየር ላይ እንዳለ ይነካዋል። ስለዚህ ድምፁ የት እንዳለ የሚያውቀው የተጫዋቹ ጆሮ ብቻ ነው። ሳጥኑ የተለበጠበት ቆዳ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ይረግባል፤ የኢየሩሳሌም ዲሴምበር ዝናብና ብርድ ነው። ከውጭ ገብቶ ያለ ምንም ዝግጅት መገዝገዝ የሚጀምረውን ይጠንቀቁ። ጥሩው ቆዳውን ሞቅ ያደርጋል፣ ደጋኑን ሙጫ ይቀባል፣ ለዚያ ምሽት ለራሱ ጉሮሮ በሚስማማው ልክ ይቃኛል። አጠገቡ ኪቦርድ ካለና እሱ ወደ ኪቦርዱ ተጠግቶ ከቃኘ፣ አምባሰሉ አምባሰል ሳይሆን ሊያድር ይችላል። በየሰርጉ የተለመደው ይኸው ነው፤ እኔ ከጥፋት እቆጥረዋለሁ።

የድምፅ ማማር ከመመዘኛዎቼ ሁሉ መጨረሻው ነው። የሻከረ ድምፅ ይዘው አዳራሽ የሚያስለቅሱ አሉ፤ እንደ ማር የሚንቆረቆር ድምፅ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቁም ነገር የማይሉም አሉ። አዝማሪን አዝማሪ የሚያሰኘው ግጥም አጣጣሉ ነው። ይህን ለማሳየት ለዚሁ ጽሑፍ አንዲት መንቶ ግጥም አሰናድቻለሁ፦

ከመንደር ሳልወጣ፣ ቤቴ እንደተኛሁ፣
እየሩሳልም ኖርኩ፣ አንቺን እየጠራሁ።

ወርቁ የፍቅር ነው፤ እየሩ የምትባል ቆንጆ አለች፣ እሱ ሲያልማት ኖሯል። ሰሙ ጎንደር መንደር ውስጥ ተኝቶ፣ ነፍሱ ግን ኢየሩሳሌም የኖረች የአንድ ቤተ እስራኤል ሰው ነው። ግጥሙ ይህን ያህል ነው፤ ጌታና ምንዝሩ የሚለየው አዘፋፈኑ ላይ ነው። ደካማው «እየሩ» ብሎ ያርፋል፣ ፊቱን ወደ ታዳሚው መልሶ ይጠቅሳል፣ «ሳልም ኖርኩ» ይላል። ወርቁን ራሱ ቆፍሮ ስላወጣው ለሰሚው የቀረ ነገር የለም። ጥሩው በመጀመሪያው ዙር ሳያርፍ ያሳልፈዋል፤ ከተማይቱን የጠራ ይመስላል። በሁለተኛው ከ«እየሩ» በኋላ ደጋኑን ለቅጽበት ያነሳል፤ ቆንጆይቱ ብቅ ትላለች። በሦስተኛው መልሶ ይገጥመዋል። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ «አሃ!» ካሉ ሥራው ተሠርቷል። «አሃ» የሚለው ድምፅ ከጭብጨባው ቀድሞ ከመጣ ደግሞ እውነተኛ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን «ተቀበል!» ሲባል ነው። እንግዳው ብድግ ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ያንኑ ይመልሳል። እንግዳ ሁሉ ገጣሚ አይደለም፤ ሞቅ ሲለው ቤት የማይመታ፣ ሐረጉ የሚረዝም ነገር ይወረውራል። ሰነፉ አዝማሪ እንዳለ ይደግመዋል፤ ክፉው አጣሞ ያስቅበታል። ጥሩው አንዲት ቃል አጥፎ፣ አንዲት ቀለም ጎርዶ ሲመልሰው ግጥሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰጪውም መጀመሪያውኑ እንዲያ ያለ ይመስለዋል፤ ኮራ ብሎ ይቀመጣል። ይህ ከጣት ሳይሆን ከጆሮ የሚመጣ ችሎታ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ በክራሯ ስትጫወት በዚህ መልስ ሰጭነቷ የምትፈራ ነበረች። ካሴቷ ዛሬም መለኪያ ይሆናል።

ሙገሳውስ? ባለገንዘብን ማወደስ የአዝማሪ እንጀራ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ሃምሳ ሼክል ግንባሩ ላይ ለለጠፈለት ሁሉ አንድ ዓይነት «አንበሳው ጀግናው» የሚያዥጎደጉደው ግን ሥራውን አልሠራም። ጥሩ ሙገሳ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ነው፦ አባቱን፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ ያገባትን ሴት ይነካል፤ ውስጡም ትንሽ እሾህ አለው። የፋሺስት ኢጣሊያ ወራሪዎች አዝማሪዎችን ያሳደዱትና የገደሉት እሾሁ ስለገባቸው ነው።

ከዚህ አገር የተገኘ አንድ መመዘኛ ልጨምር። ከአዳራሹ እኩሌታው እስራኤል ተወልዶ ያደገ፣ ከአማርኛ ይልቅ ዕብራይስጥ የሚቀለው ወጣት ነው። ብዙ አዝማሪ ይህን አይቶ በየመሐሉ «ያላ» እና «ሳባባ» ይወረውራል። ጭብጨባ ያስገኛል፤ ሙያ ግን አይደለም። የዕብራይስጡ ቃል ቤት መምቻው ላይ ገብቶ ከአማርኛው ጋር ከገጠመ፣ ሲያወጡትም ግጥሙ የሚፈርስ ከሆነ ያኔ አዲስ ነገር ተፈጥሯል። እንዲህ ያለውን ስሰማ ከጎንደር የመጣ ንጹሕ ዘፈን ከመስማት የበለጠ ደስ ይለኛል። ጎንደር አጠገብ ባለችው የአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ እንኳ አዝማሪ ሁልጊዜ የሚዘፍነው በተቀመጠበት ቤት ልክ ነውና።

ስለ እስክስታው ብዙ አልልም። ከአዝማሪው ጋር የምትዘፍነው ሴት ግጥም የምትቀበልና የምትመልስ ከሆነች ቤቱ ሁለት አዝማሪ አለው፤ ትከሻ ለማሳየት ብቻ ከቆመች አንድም የለውም ማለት ይቀናኛል። ድምፃዊቷን ሜሪ አርምዴን የሰማ ያውቀዋል።

ኢየሩሳሌም በዘመናዊ ሙዚቃችን ላይ ውለታ አላት። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የነሐስ ባንድ ሰምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ደረሰ። መሰንቆው በሌላ መንገድ፣ ከቤተ እስራኤል ጋር፣ ወደዚህ መጣ። ዛሬ የሚያሰጋኝ የአዝማሪ ማነስ አይደለም፤ «ተቀበል» የሚል ሰው ማነሱ ነው። ወጣቱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፣ ሽማግሌው ይተክዛል፣ አዝማሪው የተለማመደውን ይደግማል። ስለዚህ ወደ ሰርግም ሆነ ወደ ሁልገብ ሲሄዱ ከሼክሉ ጋር ሁለት መስመር ግጥም ይዘው ይሂዱ። ቤት ባይመታም ግድ የለም፤ ብድግ ብለው ይስጡት። የተሻለ ሆኖ ካልተመለሰልዎ ሼክሉን ኪስዎ ይተዉት።