የሐሞት ከረጢት ላፓሮስኮፒ በእጅግ አረጋውያን ሕሙማን፦ «ከፍተኛ ሥጋት» የተባሉት እነማን ናቸው?

ዕድሜያቸው የገፋ ሕሙማን በጠጠር ሳቢያ የሐሞት ከረጢት ብግነት ሲደርስባቸው ከረጢቱ በላፓሮስኮፒ ይውጣ ወይስ በቆዳ በኩል በሚገባ ቱቦ እየተፈሰሰ ይቆይ የሚል ክርክር ሲነሣ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመውና «ቸኮሌት» በሚል ስያሜ የሚታወቀው የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። በ11 ሆስፒታሎች የተካሄደው ይህ ጥናት 66 ሕሙማንን ለቀዶ ሕክምና፣ 68ቱን ለቱቦ በዕጣ ደልድሏል። ከባድ ጠንቅ የደረሰባቸው ከቀዶ ሕክምናው ወገን 8 (12 በመቶ)፣ ከቱቦው ወገን ግን 44 (65 በመቶ) ናቸው። የሞቱት 3 እና 9 በመቶ ሲሆኑ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ረገድ ጉልህ አልነበረም።

ውጤቱ አሳማኝ ነው። ቱቦ ማስገባት ለደካማ ሕመምተኛ ዘወትር የሚሻል ረጋ ያለ አማራጭ ነው የሚለውን ልማዳዊ እምነት አናግቷል። ጠጠሩም ከረጢቱም ባሉበት ስለሚቀሩ በሽታው ከቱቦው ወገን በ53 በመቶው ላይ አገርሽቷል። ሆኖም ውጤቱን ለማንኛውም የ85 ዓመት አዛውንት መጥቀስ የአንባቢ ስሕተት ነው።

ጥናቱ ሕሙማኑን የመረጠው በዕድሜ ሳይሆን አፓቼ ሁለት በተባለው የሕመም ክብደት መለኪያ ሲሆን፣ የወሰደውም ከ7 እስከ 14 ነጥብ ያላቸውን ነው። በዚህ መለኪያ 75 ዓመት የሞላው ሰው በዕድሜው ብቻ 6 ነጥብ ይይዛል። እንግዲህ በቤታቸው እየተንቀሳቀሱ የሚኖሩ አዛውንት የልብ ምታቸው 115 ቢደርስ 2 ነጥብ ተጨምሮላቸው «ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው» ይባላሉ። በአንጻሩ ደም ግፊታቸው የወረደና ኩላሊታቸው የደከመ እናት 15 ነጥብ ከደረሱ በጥናቱ አይካተቱም። ሕመሙ ከጀመራቸው ከ7 ቀን በላይ የሆናቸውም አልተካተቱም። በእኛ አገር ግን ሕመሙን «ጨጓራ ነው» ብሎ ሰንብቶ የሚመጣ ጥቂት አይደለም፤ አረጋውያን ትኩሳት ሳይኖራቸው ምግብ በመተው ወይም በመቃዠት ብቻ ሊታመሙ መቻላቸውም ምርመራውን ያዘገየዋል። (የልደት መዝገብ በሌለበት ዕድሜው ራሱ ግምት መሆኑን ልብ ይሏል።)

መዝገብ ወደ ኋላ እየመረመሩ «በሰማንያዎቹም አስተማማኝ ነው» የሚሉ ጽሑፎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ድክመት አለባቸው፤ የሚቆጥሩት ሐኪሙ «ይችላል» ብሎ ቀዶ ክፍል ያስገባውን ብቻ ነው። በመድኃኒት ብቻ ተይዞ የተመለሰው አይቆጠርም።

ይህን ሁሉ ስል በዕድሜ ብቻ ቀዶ ሕክምናን መከልከልን እየደገፍኩ አይደለም፤ ያም ክልከላ ማስረጃ የለውም። የሚያሳስበኝ ሆድ ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ሲደርስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መቀነሱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም መከማቸቱ ነው። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ሊመክርበት ይገባል፤ ግፊቱም ሥራው እስከፈቀደ ድረስ ዝቅ ይበል። የሐሞት ቱቦውና የደም ሥሩ በግልጽ ካልተለዩ ከረጢቱን በከፊል አውጥቶ ማቆም ወይም ሆዱን መክፈት እንደ ሽንፈት ሊመዘገብ አይገባውም። የወደፊት ጥናቶችም በ30 ቀን ውስጥ የሞተውን ከመቁጠር ባሻገር፣ ከቤቱ በእግሩ የመጣው አዛውንት ከሦስት ወር በኋላ ያለ ደጋፊ ተነሥቶ መሄድ መቻሉን ሊነግሩን ይገባል።