በእንተ ሃይማኖት፤ ማመን ብቻ እንዳይደለ የሚያስረዳ ሐተታ

ሃይማኖት የሚለው ቃል ከአምነ ግንድ ነው። በግእዙ መጽሐፍ ሃይማኖት ሲል ማመንን ማለቱ ነው፤ በአማርኛው ግን ማመኑንም ሕጉንም ሥርዐቱንም ማኅበሩንም አጠቃልለን ሃይማኖት እንላለን። አንዱ ቃል ይህን ሁሉ ስለ ተሸከመ ክርክር ይነሣበታል።

የባሕር ማዶ ሊቃውንትም ስለዚሁ ነገር ተከራክረዋል። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 ሃይማኖት ቢያንስ ረቂቃን መናፍስት እንዳሉ ማመን ነው አለ። ስኮትላንዳዊው ሮበርትሰን ስሚዝ በ1889 የጥንት ሰዎች ሃይማኖት ከሥርዐት እንጂ ከእምነት አይጀምርም አለ። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም በ1912 እምነትና ሥርዐት ሰውን ባንድ ማኅበር የሚያያይዙበት ነው ብሎ ሁለቱን አጋጠመ።

የታይለር ነገር በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ሲመዘን ይጐድላል። ምነው ቢሉ፥ ሐዋርያው የአጋንንትን ማመን ያነሣል፤ ማመናቸው ግን ፍርሀት እንጂ ድኅነት አልሆናቸውም። እንግዲህ ማመን ብቻ ሃይማኖት ከሆነ አጋንንትም ሃይማኖት አላቸው ልንል ነው። ስሚዝ ስለ ጥንቶቹ የተናገረውንም በሁሉ ላይ ብንዘረጋው ልቡ ሳይኖር ጕልበቱ የሚሰግድ ሁሉ ሃይማኖተኛ ይባላል።

አባቶቻችን ይህን አስቀድመው መርምረውታል። ዐፄ ገላውዴዎስ አይሁዳዊነት አለባችሁ ተብለው ቢነቀፉ በ1555 የሃይማኖታቸውን ቃል ጻፉ። ግዝረት የአገር ልማድ ነው፥ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣ፥ በህንድም ጆሮ እንደሚበሳ ያለ ነው ብለው አስረዱ። በዚህ ሃይማኖትና ልማድ ተለዩ። ነገር ግን መለየት ማፋታት አይደለም።

ማስረጃው ከጐንደር አጠገብ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ በ1626 በፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ፊት ለሮማ ታዘዙ። ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፥ ካህናቱም ዳግመኛ ክህነት ይቀበሉ፥ ግዝረትና ቀዳሚት ሰንበት ይቅሩ ተባለ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ከወይና ደጋ ጦርነት በኋላ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ እርሳቸውም በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

እንግዲህ ግዝረት ልማድ ከሆነ ባላገሩ ስለምን ተነሣ? የግብርና የሹመት በደል ተጨምሮበት ነው የሚል ቢኖር እውነት አለበት። ዳሩ ግን የባሕርይን ክርክር ያልተማረው ሰው የአባቶቹን ጥምቀት ከንቱ ሲሉበት ሃይማኖቱ እንደ ተነካ ዐወቀ። ልማድ በፈቃድ ሲያዝ ልማድ ነው፤ ሃይማኖትን ለማስካድ በግድ ሲነጠቅ ግን የሃይማኖት ምስክር ይሆናል።

ስለዚህ ሃይማኖት የልብ ነው፥ ማመን ነውና፤ አንድም የእጅ ነው፥ ሥርዐት ነውና፤ አንድም የማኅበር ነው፥ ልብንም እጅንም የሚያጋጥም ነውና። ዱርኬም ወደዚህ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ማኅበሩ የሚያመልከው ራሱን ነው ስላለ በዚያ እንለየዋለን። ማኅበር ራሱን ቢያመልክ ኖሮ ንጉሡ ሲያዝዘው ከንጉሡ ጋራ በሄደ ነበር። የሚያስተምር ካህን የቃሉን ምስክርነት ብቻ ተቀብሎ አይርካ፤ አገር የሚገዛም በአዋጅ ልብ ይዞራል ብሎ አይታለል።