ስለ ማርሽ የአርሴኒክ ምርመራ አጭር ትችት

ስለ ኬሚስትሪ ታሪክ ከተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ የጄምስ ማርሽን ስም የሚያነሡት ለውዳሴ ነው። በእነርሱ አባባል ይህ እንግሊዛዊ ምርመራውን በ1836 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ካሳተመ ወዲህ መርዘኛ መደበቂያ አጣ። ለእኛ ግን ውዳሴው የእውነቱን እኩሌታ ብቻ የያዘ ይመስለናል።

መሠረት የለውም አንልም። በ1832 ማርሽ በአንድ የመርዝ ክስ በቀድሞው ዘዴ መርምሮ ያገኘው ቢጫ ዝቃጭ ለችሎት እስኪቀርብ ድረስ ተበላሽቶ ስለ ነበረ ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ። ማርሽም ሌላ ዘዴ ፈለገ። የተጠረጠረው ነገር ከዚንክና ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ አርሴኒኩ ከሃይድሮጂን ጋር ተዋሕዶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ሲቃጠል ነበልባሉ ቀዝቃዛ ሸክላ ቢነካ የሚያብረቀርቅ ጥቁር እድፍ ይተዋል። የሚሊግራም 50ኛ እጅ እንኳ በዚህ ይታያል ይባላል።

ነገር ግን ዚንኩም አሲዱም ራሳቸው አርሴኒክ ሊኖርባቸው ይችላል። ምርመራው እየረቀቀ በሄደ መጠን ከመርማሪው ዕቃ የመጣውንም እድፍ ያሳያል። በ1840 በፈረንሳይ አገር በማሪ ላፋርጅ ክስ የአካባቢው መርማሪዎች በማርሽ ዘዴ ከሬሳው ምንም አላገኘንም ሲሉ ከፓሪስ የተጠራው ሊቅ ኦርፊላ አገኘሁ አለ፤ ሴትዮዋም ተፈረደባት። ራስፓይ የተባለው ሊቅ ይህን ውጤት አጥብቆ ተቃውሞታል።

ከዚህ የባሰው የ1859 የለንደን ጉዳይ ነው። አልፍሬድ ቴይለር በመዳብ በሚሠራው በሬይንሽ ዘዴ መርምሮ አገኘሁት ያለው አርሴኒክ ከመዳቡ ከራሱ የወጣ መሆኑን በችሎት ላይ አመነ። እንዲህም ሆኖ ተከሳሹ ሐኪም ስሜትኸርስት ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ግን ምሕረት ተደረገለት።

ስለዚህ የአንድ ምርመራ ዋጋ የሚመዘነው በሚያሳየው ነገር ማነስ ብቻ መሆን የለበትም እንላለን። የተጠረጠረው ነገር ከመጨመሩ በፊት ዚንኩና አሲዱ ብቻቸውን ሊፈተኑ ይገባል። አንቲሞንም ተመሳሳይ እድፍ ስለሚተው ሁለቱን የሚለይ ተጨማሪ ፈተና ያስፈልጋል፤ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ውስጥ የአርሴኒኩ እድፍ ይሟሟል፣ የአንቲሞኑ ግን ይቀራል። እነዚህ ጥንቃቄዎች ከውዳሴው ጋር አብረው ሊጻፉ ይገባቸው ነበር። ተማሪ በችኰላ ባዶውን ፈተና ቢዘል የሚያጣው ማርክ ነው፤ በችሎት ፊት የሚቆም መርማሪ ቢዘለው ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው።