ድንበሩ ሰዎቹን ሲያቋርጥ

ግሎሪያ አንዛልዱዋ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመችው «ቦርደርላንድስ/ላ ፍሮንቴራ» ግማሹ ወግ፣ ግማሹ ግጥም ነው። እንግሊዝኛውን ከስፓኒሽ ትቀላቅለዋለች፤ ብዙ ቦታ ላይም አትተረጉምልንም። መጀመሪያ ያናድዳል። ነጥቡ ግን እሱ ነው እኮ! ቴክሳስ ውስጥ በልጅነቷ በስፓኒሽ ስላወራች ትምህርት ቤት የተቀጣች ሴት፣ ለምን ሁሌ እሷ ብቻ ትተርጉም?

እ.ኤ.አ. በ1848 ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ ግማሽ ያህል ግዛቷን ለአሜሪካ ስትለቅ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ሳይነሱ አገር ተቀየረባቸው። «ከየት መጣችሁ?» ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? ሪቻርድ ሮድሪጌዝ በ1982ቱ «ሃንገር ኦፍ ሜሞሪ» እንግሊዝኛን የአደባባይ ማንነቱ አድርጎ መረጠ፤ ከቤተሰቡ ያራቀውን ዋጋም አልደበቀም። አንዛልዱዋ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን አልመርጥም አለች፤ ራሷንም «ቺካና» ብላ ጠራች። እኔን ያሳመነችኝ እሷ ናት።

የማልስማማው «አዲሷ ሜስቲሳ» ላይ ነው። ዘር ሁሉ ተደባልቆ አንድ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ከሜክሲኳዊው ሆሴ ቫስኮንሴሎስ ትዋሳለች፤ የአዝቴክ አማልክትንም ትጠራለች። ዛሬም በሕይወት ያሉት ነባር ሕዝቦች ግን በአብዛኛው ተረት ሆነው ይቀራሉ። ራስን መሰየም መብት ነው፤ ስሙ ከሌላ ሰው ታሪክ ሲወሰድ ግን ባለታሪኩም መሰማት አለበት።