“ተኛ” ወይስ “ርገጥ”? የቁርጭምጭሚት ጥናት ከቱም ሲነበብ

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በኦፕራሲዮን ብረት የገባለት ሰው፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ምንድን ነው? “አይዞህ፣ ተኛ! አጥንቱ እስኪገጥም እንዳትነቃነቅ።” ጎረቤት ይለዋል፣ አክስቱ ትለዋለች፣ ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ይለዋል። ስልኩን ሲከፍት ደግሞ ተቃራኒውን ያነባል፦ “ቶሎ መርገጥ ይሻላል፣ ጥናት አረጋገጠ!”

ማንን ይስማ? ሁለቱም ምክሮች አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ይቆጥራሉ። አንደኛው አልጋ ላይ መዋል ነው። ሁለተኛው መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ ነው። ሦስተኛው በተሰበረው እግር ላይ ክብደት ማሳረፍ፣ ማለትም መርገጥ ነው። ሰው እኮ ሳይረግጥም መንቀሳቀስ ይችላል! በክራንች የሚሄድ ሰው አልተኛም፤ ግን አልረገጠም። እነዚህን ሦስቱን ከለየን ክርክሩ ግማሹ ይቀልላል።

አልጋው መድኃኒት ነው?

በአልጋው እንጀምር። “እረፍት ያድናል” የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሂዩ ኦወን ቶማስ የተባለ ስመ ጥር የአጥንት ሐኪም፣ የተጎዳ አካል ረጅምና ያልተቋረጠ እረፍት ያስፈልገዋል ብሎ በጽኑ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ግን ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አልጋ ራሱ አደጋ እንዳለው ጻፈ። በ1999 ደግሞ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ግምገማ ታተመ፤ በ15 የተለያዩ የጤና ችግሮች ላይ የተደረጉ 39 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመለከት፣ አልጋ ላይ መዋል በጉልህ ያሻሻለው ውጤት አልተገኘም። በበርካታዎቹ ሙከራዎች እንዲያውም የባሰ ነገር ታየ።

ለምን? ባታችሁን ዳበስ አድርጉት። ይህ ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር በእግር ያለውን ደም ሥር ጨምቆ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል፤ እንደ ሁለተኛ ልብ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ዝም ብሎ ሲተኛ ፓምፑ ይቆማል፣ ደሙ ይዘገያል፣ የዘገየ ደም ደግሞ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሕይወት ይቀጥፋል። ጡንቻም ይከሳል፤ ጫና ያጣ አጥንትም ይሳሳል። ስለዚህ “ተኛ” የሚለው ምክር በፍቅር ይነገር እንጂ ሳይንሱ አይደግፈውም።

መርገጥን የፈተሸው ሙከራ

ስለ መርገጥስ? እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ላይ የወጣ የብሪታንያ ሙከራ አለ። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 561 አዋቂዎች ከ23 ሆስፒታሎች ተመለመሉ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፦ አንዱ ወገን ከኦፕራሲዮኑ 2 ሳምንት በኋላ መርገጥ ጀመረ፤ ሌላው እንደ ቆየው ልማድ 6 ሳምንት ጠበቀ። ከ4 ወር በኋላ የቁርጭምጭሚታቸው ሁኔታ ከ100 ተመዘነ። ቶሎ የረገጡት በአማካይ 65.9፣ የቆዩት 61.2 አገኙ። በሕክምናው የተነሱ ችግሮችም በሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ ነበሩ።

ሙከራው ጠንካራ ነው። ዕጣ መጣሉ፣ የብዙ ሆስፒታሎች መሳተፍ፣ ጥያቄው ግልጽ መሆኑ ያስመሰግነዋል። ግን በስልክ የሚዞረው ርዕስ ከጥናቱ ይሮጣል። ተመራማሪዎቹ በዋናነት የጠየቁት “ቶሎ መርገጥ ውጤቱን ያበላሻል ወይ?” ብለው ነው፤ መልሱ “አያበላሽም” ሆነ። የ5 ነጥብ ያህሉ ልዩነትም ትንሽ ነው። “አይጎዳም” እና “በጣም ይሻላል” አንድ አይደሉም።

ወደ ቱም እናምጣው

አሁን ጥናቱን ይዘን ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንሂድ። ቱም የማጂ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሚዛን ወደ ደቡብ ረጅም መንገድ ተጉዞ የሚደረስባት ቦታ። ዝናቡ ብዙ፣ መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጭቃው አዳላጭ ነው። እንበል አንድ የቱም ወጣት ከሞተር ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ሩቅ ሄዶ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተመለሰ። ጥናቱ ለእሱ ይሠራል?

መጀመሪያ፣ ሙከራው ውስጥ እነማን ገቡ? የክትትሉን ሥርዓት መፈጸም የማይችሉ ሰዎች አልገቡም። በስኳር በሽታም ይሁን በሌላ ምክንያት የእግራቸው ስሜት የጠፋባቸውም አልገቡም፤ ስሜት የሌለው እግር ሲጎዳ “አመመኝ” ብሎ አያስጠነቅቅምና። የእኛ ወጣት በ2ኛው ሳምንት ቁስሉን የሚያይለት ባለሙያ ካላገኘ፣ ከጥናቱ ሰዎች ጋር እኩል መነሻ ላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ እዚያ “ርገጥ” ማለት ሐኪም በፈቀደው መጠን፣ ቀስ በቀስ ክብደት ማሳረፍ ነው። ቡና በጆንያ ተሸክሞ ቁልቁል መውረድ ማለት አይደለም! ቃሉ አንድ ነው፣ ጫናው ግን ለየቅል ነው።

ሦስተኛው ትችቴ በመለኪያው ላይ ነው። ያ ከ100 የተሰጠው ነጥብ በስዊድን ሐኪሞች የተዘጋጀ መጠይቅ ነው። ደረጃ መውጣት 10 ነጥብ አለው፤ ቁጢጥ ማለት 5 ብቻ። ቱም ላይ ስንት ፎቅ አለ? ቁጢጥ ማለት ግን የየዕለት ኑሮ ነው፦ ሽንት ቤት፣ ምድጃ ዳር፣ መሬት የወደቀ የቡና ፍሬ ሲለቀም። ቁጢጥ ማለት ያቃተው የቱም ሰው በዚህ ሚዛን የሚያጣው 5 ነጥብ ነው፤ በኑሮው የሚያጣው ግን ብዙ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ማንቀሳቀስ ይመልሰናል። ቁጢጥ ለማለት ቁርጭምጭሚት በደንብ መታጠፍ አለበት። ብዙ ሳምንት ሳይነቃነቅ የቆየ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ይደርቃል፤ የባት ጡንቻም ያጥራል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን የራሱ ደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ ከሚመላለሰው ፈሳሽ ነው። ሐኪም ሲፈቅድ እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ ብር አይጠይቅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም። ለቱም የሚበጀው ትልቁ ዜና ይህ ይመስለኛል፤ የስልኩ ርዕስ ግን አላነሳውም።

“እንግዲያው 6 ሳምንት መጠበቅ አስተማማኝ ነው” የምትሉ ካላችሁ ቆይ! ጭቃ ላይ በክራንች አንድ እግር አንጠልጥሎ መሄድም መውደቅ አለው። መጠበቅ በራሱ ከአደጋ ነፃ አይደለም። “ዘመድ ያስረኛል” ብሎ ወደ ወጌሻ መሄድም አያዋጣም፤ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ እግር እስከ ማስቆረጥ የደረሰባቸው ሕሙማን በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል።

ስለዚህ እናንተ ወይም ወንድማችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ ሦስቱን ነገሮች ለየብቻ ጠይቁ፦ ከአልጋ መቼ ልነሳ? ቁርጭምጭሚቴን መቼና እንዴት ላጥፈው? መቼ ልርገጥ፣ ምን ያህልስ? የእያንዳንዱ ቀን የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ አሰባበሩና ብረቱ የያዘበትን ጥንካሬ የሚያውቀው የቀደደው ሐኪም ነው። ቤታችሁ ዳገት ላይ መሆኑን፣ ሥራችሁ ሸክም መሆኑን ንገሩት፤ ካልነገራችሁት አያውቅም። አራተኛ ደግሞ፣ በ2ኛው ሳምንት ቁስሉን ቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ ማን እንደሚያይላችሁ ጠይቁ።

ባት አብጦ ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ጣቶች ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ።